«እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ያላልናት እናት

የዛሬው ጽሑፍ ከማጽናናት ይልቅ ይቆረቁራል። መጀመሪያ የቆረቆረው እኔን ነውና ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት በጌታ ፍቅር እለምናችኋለሁ።

ቤታችን ሥላሴ አካባቢ ነው። ባለቤቴ መንታ ፀንሳ ሳለ በሰባተኛ ወሯ በሌሊት ምጥ መጣባት። ጎሕ ሳይቀድ ሁለቱም ተወለዱ፤ ሴቷ 1,250 ግራም፣ ወንዱ 1,100 ግራም። አንድ ኪሎ ስኳር ከሱቅ ግዙና በእጃችሁ መዝኑት። ልጄ ከዚያ በጥቂት ነበር የሚበልጠው። ወዲያው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተወሰዱ፤ ሰዉ «ማሞቂያ ክፍል» የሚለው ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አልጋዋን ለሌላ ወላድ ለቀቀች። ልጆቿ ግን ከመስታወቱ በስተጀርባ ቀሩ። እሷም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም፤ ሐኪሞቹንና ነርሶቹንም የምከስበት ነገር የለኝም። ሌሊቱን ቆመው ያነጉ ሰዎች ናቸው። ክሴ ከእኛ ጋር ነው፤ ጌታን እናምናለን፣ ወንጌልን ተቀብለናል ከምንለው ጋር።

በሰፈራችን ሴት ስትወልድ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። እልልታ ይሰማል። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ አራሷ ተሸፋፍና ትተኛለች፣ ጠያቂው ገና ከደጃፉ የደስታ ቃል ይዞ ይገባል። ልጅዋ ማሞቂያ ውስጥ ላለ እናት ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይሰረዛል። እልል ይባል ወይስ ይለቀስ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሰዉ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀራል።

የቤት ለቤት ኅብረታችን የቴሌግራም ቡድን አለው። የጸሎት ርዕሳችንን በጻፍኩበት ማታ ስልኬ በ«አሜን» እና በተጣመሩ እጆች ምስል ተሞላ። አንዱ ወንድም የአምስት ደቂቃ የድምፅ ጸሎት ላከልኝ። እግዚአብሔር ይባርከው። ነገር ግን ያን ሳምንት አንድም ሰው ወደ አግዳሚ ወንበሩ አልመጣም።

የመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ጎረቤታችን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» የምላቸው አሮጊት። ሥላሴን ሳይሳለሙ የማይውሉ፣ እኔ ጌታን በተቀበልኩ ጊዜ ለአንድ ዓመት ያኮረፉኝ ሰው ናቸው። በፔርሙስ አጥሚት፣ በሳህን ገንፎ ይዘው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ደረጃውን ወጡ። ባለቤቴን አቅፈው «የኔ ልጅ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ባለቤቴ ከወለደች ጀምሮ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። ወላድ መሆኗን የነገራት የመጀመሪያው ሰው ነበሩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ በቃላቸው ላይ ለመከራከር እንደቸኮልክ ይገባኛል። እኔም በሌላ ቀን እከራከራለሁ። ነገር ግን «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» የሚል ቃል በእጃችን አልነበረምን? ማን ከለከለን? ትክክለኛውን ቃል ይዘን ቤታችን ተቀመጥን፤ የምንነቅፈው ቃል ግን ገንፎ ተሸክሞ መጣ። ጌታ ስለ ሳምራዊው የተናገረውን ምሳሌ (ሉቃ. 10፥25-37) ስንሰብክ ራሳችንን ሁልጊዜ በሳምራዊው ቦታ ለምን እንደምናስቀምጥ ከዚያ ቀን ወዲህ አልገባህ ብሎኛል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምን አለ?

ብዙዎቻችን ስለ ክፍሉ የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለማናውቅም ጉዳዩ የሐኪምና የመሣሪያ ብቻ ይመስለናል። እስቲ በጥቂቱ ላስረዳ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሀገራችን ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በጠቅላላ 67 ነበሩ። ይህ ማለት ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው። ጌታ ከሰጠን ልጆች ብዙዎቹን የምናጣው እኛ ገና ስም ሳናወጣላቸው ነው።

ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአምስት ሆስፒታሎች፣ ማለትም በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጎንደርና በጅማ፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109 የሚሆኑት በ28 ቀናት ውስጥ አርፈዋል፤ 29 ከመቶ ማለት ነው። ዋናው ምክንያት ያልበሰለ ሳንባ ያመጣው የመተንፈስ ችግር ሲሆን 45 ከመቶውን ይይዛል። ሁለተኛው እንደ ደም መመረዝና የሳንባ ምች ያለ ኢንፌክሽን ሲሆን 30 ከመቶ ነው። መታፈን ደግሞ 14 ከመቶ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳስብ ዓይኔን የሚይዘው የቀሩት 71 ናቸው። ከመቶ ሰባ አንዱ ያን ወር ተሻግረዋል። ያሻገራቸውም ማሽን ብቻ አይደለም።

በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሞች ማሞቂያ ሣጥን አነሳቸው። ስለዚህ ትንንሾቹን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገው ማሰር ጀመሩ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። ወደ እኛም ሀገር መጥቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2 ኪሎ በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ተሞከረ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 ከመቶ ሲሞቱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ ከተያዙት የሞቱት 22.5 ከመቶ ነበሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ጥናት ሕፃኑ ገና ከተወለደ ጀምሮ ደረት ላይ ሲያዝ ሞት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በዚያ ጥናት ሕፃናቱ በቀን 17 ሰዓት ያህል ሰው ደረት ላይ ይውሉ ነበር። እናቲቱ በማትችልበት ሰዓት ምትኳ የሆነ የቤተሰብ ሰው ይይዛል። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ሲያወጣ ቤተሰቡ በሕፃኑ እንክብካቤ እንዲሳተፍ፣ ቤተሰቡ ራሱም ድጋፍ እንዲያገኝ መከረ።

ታዲያ አስቡት። በቀን 17 ሰዓት ልጅ ደረቷ ላይ አድርጋ የምትቀመጥ እናት ከሳምንት በፊት የወለደች ሴት ናት። ደሟ ገና አልቆመም። ምናልባትም በቀዶ ሕክምና ወልዳለች። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡቷን አልባ በቱቦ ወይም በሲኒ እንዲሰጥ ታቀብላለች። ጡት የሚወርደው ደግሞ ስትበላ፣ ስትጠጣ፣ ስታርፍ፣ ልቧም ሲረጋጋ ነው። ስለዚህ አጥሚቱ የጥየቃ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በእናቲቱ በኩል አልፎ ልጁ አፍ ይገባል። እሷን ያበላ ልጁን አበላ። እሷን ለሁለት ሰዓት ያሳረፈ ልጁን አከመ። ቤተ ክርስቲያን «ሐኪም አይደለንም፣ ምን እናድርግ?» ብላ ማምለጥ አትችልም ማለቴ ከዚህ የተነሣ ነው።

አባትየውስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ የሚያገኘው ከደመወዝ ጋር የሦስት ቀን ፈቃድ ነው። የእኛ ልጅ እዚያ ክፍል የቆየችው 41 ቀን ነው። ሦስቱን ስትቀንሱ 38 ይቀራል። በእነዚያ 38 ቀናት ጠዋት ሥራ፣ በምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት፣ ማታ አግዳሚ ወንበር ነበርኩ። ባለቤቴም ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ልጅዋን ቤት ሳታስገባ ግማሽ ያህሉ አለቀ።

ሦስቱ ጦሮቻችን

አለመምጣታችን አንድ ነገር ነው። የባሰው ስንመጣ ይዘነው የምንመጣው ነው።

የመጀመሪያው «ምን ኃጢአት ይኖር ይሆን?» የሚለው ነው። በግልጽ አይባልም። «ራሳችሁን መርምሩ»፣ «በቤታችሁ የተዘጋ በር ካለ» ተብሎ ይሸፈናል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2 ሳሙኤል 12 ያለው የዳዊት ሕፃን ነው። ነገር ግን ለዳዊት ያንን የነገረው በእግዚአብሔር የተላከ ነቢይ ነው፤ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት አይደለም። ደግሞም ያው ምዕራፍ ሕፃኑ በታመመ ጊዜ የቤቱ ሽማግሌዎች ዳዊትን ከምድር ሊያነሡት አጠገቡ እንደቆሙ ይናገራል። የምንወርሰው የናታንን ወንበር ነው ወይስ የሽማግሌዎቹን መቆም? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ለጌታ ባቀረቡለት ጊዜ፣ እሱም አልበደለም ወላጆቹም አልበደሉም ብሎ ዘጋባቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ጌታ የዘጋውን በር በአራስ ፊት ለመክፈት ሥልጣን የሰጠን ማን ነው?

ሁለተኛው «በእምነት አውጡት» የሚለው ነው። ዘይት ይዘው ክፍሉ በር ላይ የሚታገሉ፣ «ጌታ ተናግሮኛል፣ ልጁ ድኗል፣ ኦክስጅኑን አስነቅሉና ወደ ቤት ውሰዱት» የሚሉ አሉ። እኛንም እንዲህ ያለን ሰው ነበር። ልንገራችሁ፦ ክብደቱ ያልሞላ፣ መጥባት ያልቻለ፣ ሙቀቱን መጠበቅ የማይችል ሕፃን በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ከማሞቂያ ቢወጣ በሰዓታት ውስጥ ይቀዘቅዛል። ትንቢቱ ሲወድቅ የሚቀብረው ነቢዩ አይደለም፤ አባትየው ነው። «እምነት ጎደላችሁ» ተብሎ ዕዳው የሚጻፈውም በእናቲቱ ላይ ነው። እምነት ማለት ለሌላ ሰው ልጅ ሕይወት መወራረድ አይደለም። በማርቆስ 2 አራቱ ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ ሲያፈርሱ ጌታ ያየው የእነሱን እምነት ነው። እምነታቸውም የታየው በተሸከሙት ሸክም ነው፤ በሽተኛው ላይ የጫኑት ነገር የለም።

ሦስተኛው «ገና ልጆች ናችሁ፣ ጌታ ሌላ ይሰጣችኋል» የሚለው ነው። ይህንን ለመንቀፍ መብት የለኝም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ብዬዋለሁ። ከዓመታት በፊት በኅብረታችን ያሉ ባልና ሚስት የስድስት ቀን ልጃቸውን ሲቀብሩ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ እንዲህ አልኩት። እሱም «አሜን» አለኝ። ምን እንዳልኩት የገባኝ ወንዱ ልጃችን በዘጠነኛው ቀን ሲያርፍ ነው። አንድ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ያንኑ ቃል ሲመልስልኝ እኔም «አሜን» አልኩ። በማግሥቱ ያን ወንድም ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሌላ ወልደናል፤ እሱን ግን አልተካልንም» አለኝ።

ልጃችንን የቀበርነው አራት ሰዎች ሆነን ነው። ድንኳን አልተተከለም፣ ንፍሮ አልተቀቀለም፣ ለቅሶ የደረሰም የለም። «ለጨቅላ አይለቀስም» ተባለ። ለማን ነው ታዲያ የሚለቀሰው? ስማችሁን ለሚያውቁ ብቻ ነውን? በእናቱ ማኅፀን ሳለ ያወቀን አምላክ እንዳለን በየሠርጉ በየልደቱ እንሰብካለን። መቃብር ላይ ሲደርስ ይህ ትምህርት የት ይገባል?

የቤተ ሳይዳ ጥያቄ

ከሥላሴ ተነሥታችሁ አራት ኪሎን፣ አምስት ኪሎን አልፋችሁ ስድስት ኪሎ ስትደርሱ የካቲት 12 ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። የድሮ ስሙን ያወቀ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው፤ ቤተ ሳይዳ ይባል ነበር። ንጉሡ ገና ራስ ተፈሪ ሳሉ ያቋቋሙት፣ ዶክተር ሃነርን የመሰሉ ስዊድናውያን ሐኪሞች ያገለገሉበት ቤት ነው። ስሙ የተወሰደው ከዮሐንስ 5 ነው። በዚያ የመጠመቂያ ስፍራ ዳር 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቶ ነበር። ጌታ መዳን ትወዳለህን ባለው ጊዜ ሰውየው ስለ በሽታው አልተናገረም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው።

ሕክምናው ቅርብ ነበር፤ ከአጠገቡ። የጎደለው ሰው ነበር። በየከተማችን የጨቅላ ክፍሎች በር ላይ የተቀመጡ እናቶችና አባቶች የሚሉት ይህንኑ ነው። ኦክስጅኑ በጌታ ቸርነት ሊኖር ይችላል። ሐኪሙም ይኖራል። ሰው ግን የለም። ከገጠር በሪፈር መጥታ ከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ የሌላት፣ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ የምትተኛ እናት አይቻለሁ። ስሟን ጠይቄያት ነበር፤ ያኔ የሰጠኋት ነገር ቢኖር ስሟን መጠየቄ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቀድሞ ይህንን ሸክም ሰፈር ይሸከመው ነበር። ዛሬ ሰፈሩም ተበትኗል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤቶች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ልማቱን ለመመዘን አልተነሣሁም። ነገር ግን ገንፎ ይዛ ትመጣ የነበረችው ጎረቤት ዛሬ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ርቀት ላይ ናት። ሰፈር ሲበተን ሰው የሚሰበሰብበት ቤት የእኛ ኅብረት መሆን ነበረበት።

«ግን እኮ...» ለምትሉ

«ክፍሉ ሰው አያስገባም፤ ለኢንፌክሽን ተብሎ ተከልክሏል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ልክም ነው። ከሞቱት 30 ከመቶው በኢንፌክሽን መሆኑን አይታችኋል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ አትግፉ፤ ዘበኛውንም አትጨቅጭቁ። አግዳሚ ወንበሩ ግን ከክፍሉ ውጪ ነው። የሙሴ እኅት ወንድሟ በሣጥን ውስጥ ወንዝ ዳር ሲቀመጥ ልትነካው አልቻለችም። ነገር ግን የሚሆነውን ለማወቅ በሩቅ ቆመች፤ ሰዓቱ ሲደርስም እናቱን ያገናኘችው እሷ ናት (ዘጸ. 2፥1-10)። በሩቅ መቆምም አገልግሎት ነው። ቤት መቀመጥ ግን በሩቅ መቆም አይደለም።

«እየጸለይን ነው እኮ» ትላላችሁ። ጸልዩ፤ አታቋርጡ። እኔ ያለ ጸሎት አንዲት ሌሊት አልነጋልኝም ነበር። ነገር ግን የሚበላ ለሌለው ወንድም በሰላም ሂድ ብሎ ማሰናበት ምን እንደሚጠቅም ያዕቆብ ጠይቆናል (ያዕ. 2፥15-16)። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«ችግረኛው ብዙ ነው፣ ለማን ደርሰን?» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ኑሮው ሁላችንንም አድክሟል። ነገር ግን ለሠርግ ድንኳን፣ ለኮንፈረንስ ባነር፣ ለእንግዳ ዘማሪ ሆቴል የምናዋጣ ሰዎች ነን። የአንድ ሳምንት ምሳ ለአንዲት አራስ አቅም የለንም ብለን በጌታ ፊት መቆም የምንችል አይመስለኝም።

ምን እናድርግ?

አንድ፤ በየኅብረቱ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብ፤ ቀኑ ይከፋፈል። የሚሄደው ሰው ትኩስ ምግብ፣ የሚጠጣ ነገርና የታክሲ ገንዘብ ይያዝ። «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩን» አትበሉ። አራስ አትለምንም። ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለት፤ ገና ስታዩአት «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» በሏት። ልጁ በማሞቂያ ውስጥ ቢሆንም ወልዳለች። ስሙን ጠይቁና በስሙ ጸልዩ። ስም ካልወጣለትም «የእገሊት ልጅ» በሉት እንጂ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አትበሉ።

ሦስት፤ ሆስፒታሉ ከፈቀደ እኅቷ ወይም እናቷ ተራ ገብታ ልጁን ደረቷ ላይ እንድትይዝ፣ አባትየውም እንዲይዝ አበረታቱ። «ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል?» የሚለውን ተረት ተዉት። የአባት ደረት ይሞቃል፤ አይቼዋለሁ።

አራት፤ ቤታችሁ ለሆስፒታል ቅርብ ከሆነ፣ ከገጠር ለመጣች እናት ገላዋን የምትታጠብበት፣ ልብሷን የምታጥብበት፣ ለሁለት ሰዓት ጋደም የምትልበት ቦታ ስጡ። ደም መስጠት የምትችሉ ሄዳችሁ ስጡ፤ እናቶችም ሕፃናትም ይፈልጉታል።

አምስት፤ ለምን እንደሆነ አታስረዱ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ካህኑ ዔሊም ሐና ስታለቅስ አይቶ የሰከረች መስሎት ነበር (1 ሳሙ. 1)። ልቡ የተሰበረ ሰው ፊት ካህን እንኳ ይሳሳታል። ስለዚህ ዝም ማለትን እንማር፤ ነገር ግን ዝምታችን አጠገቧ ተቀምጠን ይሁን።

ስድስት፤ ሕፃን ሲሞት እንቅበር፣ እንልቀስ፣ ቤቱ ሄደን እንቀመጥ። የእድራችሁን ደንብ አውጡና ስለ ጨቅላ ሕፃን ምን እንደሚል ተመልከቱ። የሚያሳፍር ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ አስለውጡ።

ሰባት፤ ልጁ ቤት ሲገባ በአንድ ቀን ሃያ ሰው ሆናችሁ አትግቡ። እጃችሁን ታጠቡ፣ አትሳሙት፣ ጉንፋን ካለባችሁ ከደጅ ተመለሱ። የሦስት ሳምንት ጥየቃ ከአንድ ቀን ግብዣ ይበልጣል።

ስለ ምስክርነቱ

አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችን 1,900 ግራም ሆና ከወጣች በኋላ በእሁድ አምልኮ እንድመሰክር ተጠየቅሁ። ከመድረክ በስተጀርባ አንድ አገልጋይ ክንዴን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ስለ ሴቷ ብቻ ተናገር። የሞተውን አታንሣው፤ የሕዝቡን እምነት ያደክማል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በቅንነት ነው ያለው። እኔም ታዘዝኩ። እልል ተባለ፣ ከበሮ ተመታ። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ቤት ስንገባ «ሁለት ነው የወለድኩት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ምስክርነት ይከብደኛል። ግማሹን የዋሸሁት ስለሆነ ዛሬ ላስተካክለው፦ ሁለት ልጆች ሰጥቶኛል። አንዷ አሁን እየዳኸች ነው፤ የወንበር እግር ይዛ ልትቆም ትታገላለች። ሌላው ዘጠኝ ቀን ኖሮ በጌታ ዘንድ ነው። በሁለቱም ቀን እግዚአብሔር እግዚአብሔር ነበር። ይህንን ሲሰማ የሚደክም እምነት ካለ ይድከም፤ ምናልባት በእግዚአብሔር ላይ የቆመ እምነት አልነበረም። በየእሁዱ አዳራሻችን ውስጥ ባዶ እጃቸውን ከሆስፒታል የተመለሱ እናቶች ተቀምጠዋል። የድል ወሬ ብቻ ስንነግራቸው «ጌታ የእናንተን ልጅ አላየውም» እያልናቸው ነው። ጌታ ግን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ፣ ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ እንኳ አልቅሷል።

ወገኖቼ፣ እትዬ ዛሬም ሥላሴን ይሳለማሉ፤ ከዚያም ልጄን ሊያዩ ይመጣሉ። እኔም ስለ ጌታ ማዳን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይሰሙኛል። የሚሰሙኝ ግን ስብከቴ ስለጠነከረ አይደለም። ያን ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አብረን ስለተቀመጥን ነው። ወንጌልን ለሰው የምንናገርበት መብት የሚገኘው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

በዚህ ሳምንት በምታውቁት ሆስፒታል በር ላይ የተቀመጠች አንዲት አራስ አለች። ስሟን አታውቁም፤ ጌታ ያውቃታል። ፔርሙሱን ሙሉና ሂዱ። ገና ስትደርሱ የምትሏትን ታውቃላችሁ።

ጌታ ልባችንን ያለስልስልን። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።